በአንድ እግርም ቢሆን ቁሙ

እንደምን አደራችሁ! በእሁድ ጠዋት አልጋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። "ይሄ ቤዝቦል የሚሉት ደግሞ ምንድን ነው?" እያላችሁ ልጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ወላጆችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ባጭሩ፣ አንዱ ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፣ መቺው ደግሞ በዱላ ይመታዋል። የጣና ነፋስ ከተነሳ ኳሱን ወደፈለገው ስለሚወስደው ቶሎ ልጨርስ።

ባለፈው ልምምድ አንዱ ልጃችን ጉልበቱን አጥፎ፣ ዱላውን ከራሱ በላይ አንጠልጥሎ ቆመ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። "እንደ ሰው ቁም እንጂ!" ያላችሁትም ነበራችሁ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ደንቡ መቺው እግሮቹን መሬት ላይ በተሰመረለት ሳጥን መስመር ውስጥ ያድርግ ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ቢል፣ ቢንጠራራ፣ ዳኛው ምን አገባው?

ሳዳሃሩ ኦ የሚባል መቺ ነበር፣ ጃፓን ውስጥ ለዮሚዩሪ ጃያንትስ የተጫወተ። መጀመሪያ ላይ ዱላው ኳሱ ላይ እየዘገየ ያስቸግረው ነበር። አሰልጣኙ ሂሮሺ አራካዋ የፊት እግሩን አንስቶ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ኳሱን እንዲጠብቅ አደረጉት። በፈረንጆቹ 1961 የመታው ሆም ረን (ለወላጆች፣ ኳሱን ከአጥር ማዶ መላክ ማለት ነው) 13 ብቻ ነበር። አቋቋሙን በቀየረበት በ1962 ግን 38 መታ፣ በ1980 ጫማውን ሲሰቅል ደግሞ 868 ደርሶ ነበር። አሜሪካ ውስጥም ስታን ሚዩዚያል ጀርባውን ለወርዋሪው ሰጥቶ በትከሻው ላይ አጮልቆ እያየ 3,630 ሂት (መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በሰላም የደረሰባቸው ምቶች) መትቷል። ሁሊዮ ፍራንኮ የዱላውን ጫፍ በራሱ ላይ አዙሮ ወደ ወርዋሪው እያነጣጠረ በትልቁ ሊግ እስከ 49 ዓመቱ ተጫውቷል። እነዚህንም እንደ ሰው ቁሙ ትሏቸው ነበር?

ግን እግር ስላነሳችሁ ብቻ ሳዳሃሩ ኦን አትሆኑም። ለቡሄ ጅራፍ ያጮሃችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ በራሱ ላይ ሦስቴ ያዞረዋል፣ አንዱ ከጎኑ ይስበዋል፣ የሚጮኸው ግን ሁሉም በሚመልሱባት ቅጽበት ነው። ዱላም እንደዚያው ነው። ወርዋሪው የሚቆመው 18.44 ሜትር ርቆ ነው፣ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ እናንተ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም። የፊት እግራችሁ መሬት ሲነካ እጃችሁ ከኋላ ትከሻችሁ አጠገብ ከሆነ፣ ክብደታችሁም ገና ኋላ ካለ፣ ከዚያ በፊት ብትጨፍሩም ግድ የለኝም። እጃችሁ አሁንም አናታችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን ኳሱ አልፏችኋል።

ጎንበስ ማለትም የራሱ ጥቅም አለው። ስትራይክ ዞኑ (ወርዋሪው ኳሱን ሊያሳልፍበት የሚገባው፣ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ አካባቢ ያለው ቦታ) የሚለካው መቺው ለመምታት ሲዘጋጅ ባለው አቋሙ ነው፣ ስለዚህ ዝቅ ያለ መቺ ለወርዋሪው ጠባብ ዒላማ ይሆናል። አሜሪካዊው መቺ ሪኪ ሄንደርሰን በዚህ ስንቱን ወርዋሪ አማሯል! ገና ጨዋታ የለመዳችሁ ልጆች እጃችሁን ዝቅ ማድረግ ትወዳላችሁ፣ እሱንም ወዲያው አልከለክልም፣ ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ ላይ ምን እንደሚያደርጋችሁ መጀመሪያ እንየው።

አዲስ አቋቋም ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እግርም እጅም ራስም በአንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደጠቀማችሁ፣ የቱ እንደጎዳችሁ አይለይም። መጀመሪያ በቅርብ በቀስታ በሚወረወር ኳስ ጀምሩ፣ ጓደኛችሁ ከጎን በስልክ ይቅረጻችሁ፣ ከዚያ ቪዲዮውን እግራችሁ ያረፈበት ላይ አቁማችሁ እዩት። ሁለቱም ዓይናችሁ ወርዋሪውን ማየቱንም አረጋግጡ፣ ሚዩዚያል እንኳ ያን ያህል ተጠማዞ ኳሱን ከዓይኑ አላጠፋም። ሁለት ኳስ ሳታችሁ ብላችሁም አትተዉት፣ ጥቂት ሳምንት ስጡት፤ ካልሆነም ወደ ድሮው መመለስ ነው፣ ማን ይከሳችኋል?

በሉ፣ ዛሬ ሁላችሁም አንድ ያልለመዳችሁትን አቋቋም ትሞክራላችሁ። ሄልሜት ያላደረገ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ወላጆች፣ ትርፍ ዱላ አለን፣ ከፈለጋችሁ ተሰለፉ።