ብሩ በጥር፣ ዕቃው በሰኔ
ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የመጣችሁልን እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከደቅ ደሴት በጀልባ ጣናን የተሻገራችሁ፣ ከዘጌ በኩል በጠዋት የደረሳችሁ፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

በቆሎው ተፈልፍሎ፣ ጤፉና ዳጉሳው ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። በባሕር ሸሽ መሬት ላይ የተዘራው ሽንብራና ጓያም ደኅና ይዟል። ተመስገን ነው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ስላመረትነው ሳይሆን ስለምንገዛው ነው። ስለ ገበሬ ሲወራ ሁሌ ስለሚሸጠው ይወራል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ገዢዎች ነን። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ክብሪት፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ ኮንጎ ጫማ፣ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ የአረም መድኃኒት፣ ሁሉም በብር ነው። ምርታችን ቢጨምርም የምንገዛበት መንገድ ካልተስተካከለ ትርፉ በሌላ በር ይወጣል።

ትልቁ ችግራችን ብሩና ዕቃው አይገናኙም። ብር እጃችን ላይ የሚገባው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ያኔ ሠርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ክርስትና አለ፣ የተጠራቀመ ዕዳም አለ። የቅዳሜ ገበያ ባሕር ዳር ወርደን የምንፈልገውንም የማንፈልገውንም ይዘን እንመለሳለን። ማዳበሪያና ዘር የምንፈልገው ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ዩኒፎርምና ደብተር የምንፈልገው በመስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ግን ቤት ውስጥ ብር የለም። ስለዚህ በታኅሣሥ በርካሽ የሸጥነውን በቆሎ፣ ክረምት ሲገባ ለምግብ በውድ እንገዛዋለን። ማዳበሪያ ለመውሰድም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ እንቆማለን፤ አለበለዚያ ጊደር እንሸጣለን።

ይህ ጉዳት ማሳው ላይ ይታያል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በ100 ኪሎው ውስጥ 19 እጅ ናይትሮጂን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ 7 እጅ ድኝ ይይዛል፤ ከዘሩ ጋር አብሮ ይገባል። ዩሪያ 46 እጁ ናይትሮጂን ነው፤ የበቆሎው ቁመት ጉልበት ሲደርስ ይጨመራል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ብር ያጠረው አባላችን ግን ኤንፒኤሱን ወስዶ ዩሪያውን ይተወዋል። ሐምሌ ላይ በቆሎው ቢጫ ሆኖ ሲቀር እናየዋለን። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ገንዘቡ ያለቀው ገና በጥር ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ሥራ አመራር ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ የግብዓት ቁጠባ ነው። እያንዳንዱ አባል ምርቱን በሸጠ ጊዜ፣ የአቅሙን ያህል ለማዳበሪያና ለዘር የሚሆን ገንዘብ በማኅበሩ ያስቀምጣል። ገንዘቡ በአባሉ ደብተር ላይ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይሰጥበታል፣ እስከ ግንቦት ለሌላ ጉዳይ አይወጣም። ለልጆች ልብስ የሚሆነው ደግሞ ለብቻው ተይዞ በነሐሴ ይለቀቃል። ማንም በግድ አይቆጥብም። ብዙ የቆጠበም ጥቂት የቆጠበም እዚህ ጉባኤ ላይ ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ የኅብረት ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው።

«ቶሎ የምሸጠው ነቀዝ እንዳይበላብኝ ነው» የሚል አባል ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም እውነት ነው። ነቀዝ የገባበት በቆሎ እስከ ሰኔ አይቆይም። ለዚህ ፒክስ የሚባለውን ከረጢት የማኅበራችን ሱቅ ማስገባት አለበት። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ነው፣ ውጭው ተራው ጆንያ ነው። በደንብ የደረቀ እህል ሞልተን ሦስቱንም ለየብቻ አጥብቀን ካሰርናቸው፣ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት አይነካውም። ከተራ ጆንያ ይወደዳል፤ ካልተቀደደ ግን ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። አሁን ብዙ ቤት ውስጥ ለነቀዝ የሚደረገው እንክብል መርዛም ጋዝ የሚያወጣ ነው። እህሉና ልጆቻችን የሚያድሩት በአንድ ጣራ ሥር መሆኑን እያወቅን ይህን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

ስለ መድኃኒት ካነሣሁ ልቤን የሚያቃጥለኝን ልናገር። በየገበያው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ በሃይላንድ ፕላስቲክ እየተቀዳ ይሸጣል። ስሙ የለም፣ መጠኑ የለም፣ ጊዜው ያለፈበት ይሁን አይሁን አይታወቅም። ቱፎርዲ የሚባለው ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድል ነው፤ ጤፍና በቆሎ ላይ በልኩ ይረጫል፣ ሽንብራና ጓያ ላይ ካረፈ ግን ሰብሉን ራሱን ያቃጥለዋል። ግላይፎሴት ደግሞ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ያደርቃል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ሃይላንድ ተቀድተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማን ይለያቸዋል? ውኃ መስሎት ያነሣ ሕፃንስ? አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ከልክሏል። እኛ ሕግ አስከባሪ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ከዛሬ ጀምሮ ከነማሸጊያው፣ ከነጽሑፉ ያልመጣ መድኃኒት ሱቃችን አይገባም፤ ተከፍቶም አይቸረቸርም። ትንሽ የሚፈልግ ሁለት ሦስት ሆኖ አንድ እሽግ ይግዛ።

መርጫውን ሐይቁ ዳር ማጠብም ይብቃን። ከጣና እንጠጣለን፣ ከብቶቻችን ይጠጣሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ የምናወጣው ከዚያው ነው። የመድኃኒት ጀሪካን አጥቦ ውኃ የሚቀዳበት ቤት ካለ፣ እባካችሁ ጎረቤት ይንገረው። ስንት ጊዜ ቢታጠብም ለውኃ አይሆንም። የውኃ ጀሪካን አዲሱን ከሱቃችን ውሰዱ።

በዘር ላይ አንድ ነገር እንለይ፤ ብራችንን የት ማውጣት እንዳለብን ይጠቁመናል። ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ አዲስ መገዛት አለበት። ካመረትነው አስቀርተን ብንዘራው ምርቱ ይወርዳል። ጤፍና ሩዝ ግን እንዲህ አይደሉም። ቁንጮን የመሰለ ጥሩ የጤፍ ዘር አንድ ጊዜ ያገኘ ሰው፣ ከሌላ ዘር ሳይቀላቅል በንጽሕና ከያዘው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘራዋል። ስለዚህ ብሩ ለበቆሎው ዘር ይዋል፤ የጤፉን ደግሞ እርስ በርስ እንለዋወጥ። የበቆሎ ዘር ስትረከቡ የከረጢቱን ስፌት እዩ፣ ውስጥና ውጭ ያለውን ወረቀት አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል አባል ካለ ሱቅ ጠባቂው ያንብብለት፤ ይህ ግዴታው ነው።

በጀልባ ለምትወስዱ አባሎቻችን፣ ዩሪያ እርጥበት ከነካው ይቀልጣል፣ ይጋገራል። በዚህ ዓመት ማኅበሩ ሸራ ይገዛል፤ ጭነቱ ሳይሸፈን ከወደቡ እንዳይነሣ።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ሳልባጅ የሚገዛን ሰው የሚወቅስ ምላስ የለኝም፤ ጠንካራ ሹራብ በርካሽ የሚገኘው ከዚያ ነው። የሚያሳዝነኝ የጋቢው ነገር ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ የክረምቱን ብርድ ይችላል፣ ስንት ዓመት ያገለግላል። ማጉን እናቶቻችን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ድሩ ግን ዛሬ የፋብሪካ ክር ነው። ሁለቱንም፣ ጥጡንም ድሩንም፣ በችርቻሮ እንገዛለን። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሣ የተቋቋመ ነው፤ አባቶቻችንም አቡጀዲውን ለብሰው አድገዋል። እንዲህ ካለ ከተማ አጠገብ ተቀምጠን፣ ክር በነጠላ ዋጋ መግዛት ልማድ ሆኖብን እንጂ ግድ አይደለም። ማኅበሩ ጥጥና ድር በብዛት አምጥቶ ለፈታዮች ያከፋፍል፤ የሚሠሩትም የአካባቢያችን ሸማኔዎች ይሁኑ። ዩኒፎርምም እንዲሁ። ጨርቁን በጣቃ ገዝተን ለሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች ብንሰጥ፣ ወላጅ በመስከረም ከተማ ወርዶ አይንገላታም። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታትማ ሱቃችን ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ እንደሚያገለግለን ሁላችሁም አይታችኋል።

ሁለተኛው ሐሳባችን የግዢ ኮሚቴውን ይመለከታል። ለቤት የሚያስፈልገውን የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ሱቁ ውስጥ ምን ይግባ የሚለውን የሚወስኑት ግን እስካሁን ወንዶች ነበሩ። ያመጣነው ድስት ስሶ ሲቀደድ፣ የሚፈለገው ሳፋ ሳይመጣ ሲቀር ጉዳቱ የደረሰው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ እንጠይቃለን። በባል ስም ብቻ የተመዘገበ ቤተሰብም ሚስት በራሷ ስም አባል እንድትሆን በሩ ክፍት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ መመዝገብ ይቻላል።

የሒሳብ ሪፖርቱን ከእኔ በኋላ ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል፤ እያንዳንዱን መስመር ጠይቁ። ከሪፖርቱ ቀጥሎ የግብዓት ቁጠባውና የኮሚቴው ጉዳይ ለየብቻ ለድምፅ ይቀርባሉ። መናገር የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ፤ ጸሐፊያችን ስም ይመዘግባሉ፤ በቅድሚያም ከኋላ የተቀመጡትን እናቶች እንሰማለን።