ጥሩምባው ለማይሰማው ሰው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ደሴ ያላችሁ ብርዱን እንዴት ይዛችሁታል። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። እንግዳ ሲኖር እኮ ግማሹን ወሬ የምሰማው ኤዲት ሳደርግ ነው፣ ሄድፎን አድርጌ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ። አዲስ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እኔ ጆሮዬ ላይ የመስሚያ ማሽን አለ። የሳምባ በሽታ ታምሜ ስትሬፕቶማይሲን ስወጋ ነው የጀመረኝ፣ መርፌው የውስጥ ጆሮ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፣ ነፍሴን አተረፈና ከመስማቴ ወሰደ፣ አልሃምዱሊላህ።

እና ዛሬ ላወራ የፈለግኩት፣ አንድ ሰው ትልቅ ሆኖ፣ ልጅ ወልዶ፣ ስራ ይዞ፣ ከዛ በኋላ ዓይኑ ወይ ጆሮው ሲደክም እዚህ ከተማ ማን ይይዘዋል የሚለውን ነው። ህፃን ከሆነ ቢያንስ ልዩ ፍላጎት የሚባል ነገር ትምህርት ቤት አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ ማህበር አለው፣ ቋንቋ አለው። ምልክት ቋንቋው ሲያምር! ፊደላችንን ራሱ በጣት ይፅፉታል፣ ቅርፁ ፊደሉን ይናገራል፣ እጁ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ካዕብ ይሁን ሳልስ ይለያል። በ50 ዓመቱ መስማት ያቆመ ሰው ግን እዛ ሲሄድ ቋንቋውን አይችል፣ ቤቱ ሲመጣ ወሬው አይደርሰው። ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከደገመለት በኋላ "ተወው ምንም አይደል" ይለዋል። ይቺን "ምንም አይደል" የሚሏትን ነገር እንዴት እንደምጠላት።

ህክምናውን በተመለከተ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ መሄድ አለባችሁ፣ መጀመሪያ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ይታጠብና ጉዳዩ ያልቃል። ካልሆነ የመስማት ምርመራ ይሰራላችሁና ማሽን ያስፈልግሃል ትባላላችሁ፣ እና መንገዱ እዛ ጋ ያልቃል። እኔ ማሽኑን ስገዛ የሸጠኝ ሰው ካርቶኑን ሰጥቶኝ ብሩን ቆጥሮ ሸኘኝ፣ ስሙን አልጠራም። ባትሪዋ ጀርባ ላይ ትንሽ ስቲከር አለች፣ ስቲከሯ ስትላጥ አየር ይገባና ባትሪዋ ትነቃለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል አቆይቶ ነው ወደ ማሽኑ የሚከተው፣ አንዴ ከተላጠች ደግሞ ብትጠቀምም ባትጠቀምም እየሞተች ነው። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ፓኬቱ ሁሉ በቀለም ነው የሚለየው፣ 13 ቁጥር ብርቱካናማ፣ 312 ቡናማ፣ 675 ሰማያዊ፣ ስለዚህ ሰው ስትልኩ ቀለሙን ንገሩት፣ ቁጥር ይረሳል።

ደሞ ማሽን ማለት ጆሮ ማለት አይደለም። ሁሉንም ያጎላል፣ ባጃጁንም፣ ሲኒውንም፣ ጎረቤት ያለውን ብረት በያጅንም። መጀመሪያ ቀን ፒያሳ አድርጌው ወጥቼ ራሴን ሊያመኝ ደረሰ። ሰው በትክክል የሚያግዘኝ ፊቱን አዙሮልኝ በተለመደ ድምፅ ሲያወራኝ ነው፣ ጩኸት የማነበውን የከንፈር ቅርፅ ያበላሻል። በነገራችን ላይ መብራት ሲጠፋ እኔ ጆሮዬም አብሮ ይጠፋል፣ ከንፈር ስለማላይ ማለቴ ነው፣ ሰው ሻማ ሲፈልግ እኔ ወሬውን ለመስማት ነው የምፈልገው።

ለዓይን ትንሽ ይሻላል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፣ ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ሰው ያያል፣ ስንት አዛውንት በልጅ ተመርተው ሄደው ራሳቸው እየሄዱ ተመልሰዋል። በ1998 በተሰራው ሀገር አቀፍ ጥናት ከህዝቡ 1.6 ፐርሰንት ዓይነ ስውር ነው ተብሎ ነበር፣ የዛ ግማሽ የሚሆነው በሞራ ነው፣ ማለትም በኦፕሬሽን ሊመለስ የሚችል። ግላኮማ፣ የዓይን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ፣ ግን የሄደውን አይመልስም። አንዲት እትዬ የምንላት ጎረቤታችን በግላኮማ ነው ያጣችው፣ ሐኪሙ ጠብታ ፃፈላት፣ የቀረውን ለማቆየት፣ በቃ። በትር እንዴት እንደሚያዝ ያሳያት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ ነው፣ ቀኝ እግር ሲራመድ የበትሩ ጫፍ ግራውን እየፈተሸ፣ ግራ ሲራመድ ቀኙን፣ የኛን ሰፈር ክፍት ቱቦ የምታውቁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ስልኳ ላይ ደግሞ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበውን ቶክባክን ከፍቶ ኢስፒክ የሚባል ነፃ አፕ ጫነላት፣ አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ ሮቦት ነው ግን ይገባል። አሁን ከልጇ ጋ በቴሌግራም ትፃፃፋለች። ያ ልጅ ባይኖርስ?

ወረቀት ላይ ህግ አለ። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 41 ላይ መንግስት አቅም በፈቀደ አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ ያደርጋል ይላል፣ የአካል ጉዳተኞች የስራ ስምሪት አዋጅ 568/2000ም አለ፣ አለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽንም ሀገራችን በ2002 አፅድቃለች። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋ ላይ ነው ሁላችንም ቆመን ያለነው።

እኔ ግን ቅሬው ነው የሚታየኝ። ሌላ ቦታ እድር የሚሉት። እስቲ አስቡት፣ በየሰፈሩ ማን የት ቤት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደደኸየ በመዝገብ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ግን ቅሬ ራሱ የሚጠራው በጆሮ ነው። ጥሩምባው ሌሊት ይነፋል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ሰፈራችን ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ጋሼ የቅርብ ወዳጃቸው ሞቶ ጥሩምባውን አልሰሙም፣ ጠዋት መቀሷቸውን ይዘው ሲሰሩ አስክሬኑ በበራቸው አለፈ። ከዛ ደግሞ ቅጣት መጣባቸው። ቅጣቱን ከፈሉ፣ ምንም አላሉም፣ ለመናገር ያፍራሉ። ሰው አልሰማሁም ማለት እኮ ያፍራል፣ ዓይኔ ደከመ ያለ ሰው ይታዘንለታል፣ ጆሮዬ ደከመ ያለ ይሳቅበታል።

ስለዚህ ለቅሬው ዳኛ ሁለት ነገር አቀረብኩ። አንደኛ መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን ምልክት ይደረግ፣ የማይሰማው ቤት ሰው ሄዶ በር ያንኳኳ ወይ ቴክስት ይላክ። ሁለተኛ ከመዋጮው ላይ ትንሽ ተቀንሶ ባትሪ በጅምላ ይገዛ፣ ኮምቦልቻ ካሉ ቅሬዎች ጋ ተባብረን ከአዲስ አበባ ብናስመጣ። የመጀመሪያውን ተቀበሉ። ሁለተኛው ላይ ገንዘብ ያዣችን "ዛሬ ባትሪ ነገ መነፅር፣ ቅሬ ለቀብር ነው" አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ሳንቲም ጠባቂ ናቸው፣ ግን ሰውን ሲሞት ብቻ መርዳት ለምን እንደሚቀላቸው አይገባኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አነሳዋለሁ፣ ፊት ለፊታቸው ነው የምቀመጠው፣ ከንፈራቸውን እንዳይ።

እናንተ ሰፈር ያለው ቅሬ ወይ እድር ምን እንደሚያደርግ ቴሌግራም ላይ ፃፉልኝ። ብቻ እባካችሁ ቮይስ አትላኩ፣ ቴክስት። ቻው።