ኮንፊገር «አለ» ስላለን ብቻ አንመነው

እንደምን ዋላችሁ የኮምቦልቻ ልጆች! ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁም፣ ከወልድያ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ብዙዎቻችን ዓይናችንን ጨፍነን ስለምናልፈው ነገር ነው። ሶፍትዌር ከሶርስ ኮዱ ስትገነቡ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ምን እንዳለ የሚፈትሸውን፣ ኮንፊገር የሚባለውን ስክሪፕት ታስነሳላችሁ አይደል? ስክሪኑ ላይ «ቼኪንግ» የሚል መስመር ይጎርፋል፣ ሰውም ቡና ሊጠጣ ይነሳል። እኔ ግን ከእነዚያ መስመሮች አንዷን፣ ሬጀክስን (ጽሑፍ በቅርጹ የሚፈለግበትን ዘዴ) የምትፈትሸዋን፣ አብረን ቁጭ ብለን እንድናያት እፈልጋለሁ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ሲፈልግ ሥራውን የሚሠራለት ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ነው። ፖዚክስ የተባለው የሲስተሞች የጋራ ደረጃ ለዚህ አራት ፈንክሽኖች ደንግጓል፦ ሬግኮምፕ ቅርጹን ያዘጋጃል፣ ሬግኤክሴክ ይፈልጋል፣ ሬግኤረር ስህተቱን ይናገራል፣ ሬግፍሪ ሜሞሪውን ይለቃል። ሲስተሙ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ግሊብሲ (የግኑ ፕሮጀክት የሲ ላይብረሪ) ያለው ሊኑክስ ላይ የግኑ ተጨማሪ ፈንክሽኖችም አሉ። አልፓይን ሊኑክስ የሚጠቀምበት፣ መስል የተባለው ሌላ የሲ ላይብረሪ ላይ እነዚያ የሉም። ዊንዶውስ ላይ በሚንጂደብልዩ (ለዊንዶውስ በሚገነባው የኮምፓይለር ስብስብ) ስትገነቡ ደግሞ ፈንክሽኖቹን የሚያስተዋውቀው የሬጀክስ ሄደር ፋይል ራሱ አብሮ አይመጣም።

ታዲያ ኮንፊገር በምን ያውቃል? የአውቶኮንፍ (ኮንፊገርን የሚያመነጨው መሣሪያ) ተራው ፍተሻ ሬግኮምፕን የምትጠራ ሚጢጢ የሲ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ኮምፓይልና ሊንክ ያደርጋል፣ ከተሳካለት «የስ» ብሎ ያልፋል። በቃ። ፕሮግራሟን አያስነሳትም! ባቲ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው እኮ ጥርሱን አይቶ፣ አስነስቶ፣ አስኪዶ ነው ብሩን የሚቆጥረው። እኛ ስሙን ሰምተን እንከፍላለን።

መኖርና መሥራት ለየቅል ናቸው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን ውሰዱ። ጊት የሚፈልገው ሬግኤክሴክን ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚነገርበትን ሬግ-ስታርትኤንድ የተባለውን አማራጭም ይፈልጋል። ይህ አማራጭ ፖዚክስ ውስጥ የለም፣ መስልም የለውም። ስለዚህ ጊት እንዲህ ዓይነት ሲስተም ላይ ሲገነባ አብሮት የሚጓዘውን የራሱን የሬጀክስ ኮድ መጠቀም አለበት። ግኑሊብ የተባለው የጋራ ኮድ ስብስብ ደግሞ ከዚህም ርቆ ይሄዳል፦ የፈተና ፕሮግራሙን ያስነሳል፣ የታወቁ የድሮ ስህተቶችን አንድ በአንድ ይሞክራል፣ ሬጀክሱ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ቢገባ እንኳ ፈተናው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ደወል ይሞላል። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ እላለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። «ወሎ» ስንት ፊደል ነው? ሁለት። ዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚቀመጡበት ስልት) ላይ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ስድስት ባይት ነው። በሬጀክስ አንድ ነጥብ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ነጥብ ብላችሁ ብትፈልጉ «ወሎ» መገኘት አለበት። ዩቲኤፍ-8 በሆነ ሎኬል (ፕሮግራሙ በየትኛው ቋንቋና የፊደል ስልት እንደሚሠራ የሚነግረው ቅንብር) ላይ ይገኛል። ግሊብሲ ላይ ሲ በሚባለው ሎኬል ብታስነሱት ግን አይገኝም፣ ስድስት ነጥብ ይጠይቃችኋል። ስህተት አያሳይም፣ አይጮህም፣ ዝም ብሎ «የለም» ይላችኋል። የሰው ስም የሚፈልግ የክሊኒክ ወይም የወረዳ ሲስተም ላይ ይሄ ሲሆን አስቡት! ካርዱ እያለ እናትዬዋ «አልተመዘገቡም» ተብላ ትመለሳለች።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የራሳችሁን ፕሮጀክት ስትሠሩ ኮንፊገሩ ውስጥ የአማርኛ ፈተና አስገቡ። አሥር መስመር ሲ ይበቃል። ሎኬሉን አስተካክሉ፣ ሁለቱን ነጥብ በሬግኮምፕ አዘጋጁ፣ «ወሎ»ን በሬግኤክሴክ ፈልጉ፣ ካልተገኘ ኮንፊገሩ ከፕሮጀክታችሁ ጋር አብሮ የሚጓዘውን የሬጀክስ ኮድ ይምረጥ።

ሁለት ቦታ ላይ ትቸገራላችሁ፣ አብሽሩ። አንደኛው፣ የአማርኛው ሎኬል ማሽኑ ላይ ሳይጫን ሲቀር ነው። ያኔ ሎኬሉን የሚያስተካክለው ሴትሎኬል የተባለው ፈንክሽን ባዶ ይመልሳል፤ ይህን «ሬጀክሱ ወደቀ» ብላችሁ አትቁጠሩት፣ «መፈተን አልተቻለም» ብላችሁ ለዩትና ሌላ ዩቲኤፍ-8 ሎኬል ሞክሩ። ሁለተኛው፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ሆናችሁ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ስትገነቡ ነው። ፕሮግራሙ እዚህ አይነሳምና ኮንፊገር መገመት ግድ ይሆንበታል። ግምቱ ወደ ጥንቃቄው ያድላ፣ አብሮ የሚጓዘውን ኮድ ይምረጥ፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መልሱን ከውጭ በእጁ ሰጥቶት ማለፍ ይችል።

ያልገባችሁ ነገር ሲገጥማችሁ ኮንፊገር የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ኮንፊግ ሎግን ክፈቱ። የተጻፈችው ሚጢጢ ፕሮግራም፣ የኮምፓይለሩ ትእዛዝና የወደቀችበት ስህተት ሁሉም እዚያ ተቀምጧል። ላፕቶፕ የያዛችሁ አሁኑኑ አውጡ፣ የ«ወሎ»ዋን ፈተና አብረን እንጻፋት።