ራደጉንድ፦ ሁለት ቃል ተጣምሮ አንድ ፍቺ ያልሆነበት ስም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

እኛ ጋ ስም ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። «ምትኩ» ሲባል ከልጁ በፊት ያለፈ ሰው እንዳለ እንጠረጥራለን። «ማስረሻ» ሲባል ሊረሳ የተፈለገ ኀዘን እንደነበረ ይገባናል። «ይታገሱ» እና «ማንያዘዋል» ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የባዕድ ስም ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለን ነው። ለአንዳንድ ስሞች ግን ይህ ጥያቄ የሚያሳስት መልስ ይጎትታል። ዛሬ የማነሳው ስም ከነዚያ አንዱ ነው፤ ራደጉንድ ይባላል፤ የሴት ስም ነው፤ ዛሬ በትውልድ አገሩ እንኳ ብርቅ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአጠራሩ ልጀምር። ጀርመኖች የመጀመሪያውን «ራ» ያስረዝሙታል፤ መጨረሻ ላይ ያለውን «ድ» ደግሞ ወደ «ት» ያስጠጉታል፤ «ራደጉንት» ያህል ይሰማል። ፈረንሳዮች «ራድጎንድ» ይላሉ። ለእኛ አፍ ጨርሶ አያስቸግርም፤ «ወንድ»፣ «አንድ»፣ «ግንድ» እያልን ነው ያደግነው። «ጉንድ» እና የእኛው «ግንድ» ግን በድምፅ ተገጣጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስለ ስም የሚያጠና ሰው መጀመሪያ መጠንቀቅ ያለበት ከእንዲህ ዓይነቱ መገጣጠም ነው።

ስሙ የዛሬዎቹ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ከወጡበት ከጥንቱ የጀርመናውያን ነገዶች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ራድ» ነው፤ «ምክር» ማለት ነው። ይህ ቃል ዛሬም በሕይወት አለ፤ በጀርመንኛ «ራት» ምክርም ምክር ቤትም ነው፤ የከተማው አስተዳደር ያለበት ሕንጻ «ራትሃውስ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። እንግሊዝኛው «ሪድ»፣ ማንበብ የሚለው ግስ፣ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በጥንት ዘመን መምከርና መፍታት የሚል ፍቺም ነበረው። ኮንራድ እና አልፍሬድ የሚሉት ስሞች መጨረሻቸው ላይ የተሸከሙት ይህንኑ ቃል ነው። ሁለተኛው ክፍል «ጉንድ» ነው፤ ውጊያ፣ ጦርነት ማለት ነው። ይኸኛው ከዕለት ተዕለት ንግግር ከሞተ ቆይቷል። እንደ ጉንተር እና ጉናር ባሉ ስሞች ውስጥ ብቻ ነው የሚተነፍሰው።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ። የስም መጽሐፍ ብትከፍቱ «በጦርነት ጊዜ የምትመክር» ወይም «ጥበበኛ ተዋጊ» የሚል ታገኛላችሁ። ያምራል። ግን ሁለቱን ቃላት አገጣጥሞ ዓረፍተ ነገር የሠራው የዘመናችን ጸሐፊ ነው። ማስረጃው የስሙ ጎረቤቶች ናቸው። ኋላ የማነሳት ቅድስት ራደጉንድ በኖረችበት በ6ኛው መቶ ዘመን ፍሬደጉንድ የምትባል ንግሥት ነበረች፤ «ፍሬደ» ሰላም ነው፣ «ጉንድ» ጦርነት። ሰላም ጦርነት! ሂልደጉንድ የሚባል ስምም አለ፤ «ሂልድ»ም ውጊያ ነው፣ «ጉንድ»ም ውጊያ ነው። ውጊያ ውጊያ። አንድ ሐሳብ ለመግለጽ ተብለው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ስሞች ባልኖሩ ነበር።

ታዲያ እንዴት ነበር የሚሠሩት? የቃላቱ ክምችት የተወሰነ ነበር፤ ክብር፣ ዝና፣ ተኩላ፣ ድንጋይ፣ ጦር፣ ሰላም፣ ምክር የመሳሰሉት። ቤተሰቡ ከዚያ ሁለት ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም አንዱን ከዘመድ ይወስዳል። እኔ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ በ1095 ያረፈው የእንግሊዙ የዉስተር ጳጳስ ዉልፍስታን ነው። አባቱ ኤቴልስታን፣ እናቱ ዉልፍጊፉ ይባሉ ነበር። ከእናቱ «ዉልፍ»፣ ከአባቱ «ስታን»። ተኩላና ድንጋይ ቢሆንም ማንም «የተኩላ ድንጋይ» ብሎ አልጠራውም፤ ስሙ የሚናገረው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። የእኛ ሰው የአባቱን ስም ከራሱ ስም ቀጥሎ ሲያስቀምጥ፣ እነሱ የወላጆችን ቁራጭ ስሙ ውስጥ ይሰፉት ነበር።

ከገብረ ሥላሴ ወይም ከወለተ ማርያም ጋር አስተያዩት። የእኛም ሁለት ክፍል ነው፤ ግን በመካከሉ ዝምድና አለ፦ የሥላሴ አገልጋይ፣ የማርያም ልጅ። ያን «የ» ብታወጡት ስሙ ይፈርሳል። በራደጉንድ ውስጥ ግን ቀድሞውኑ «የ» አልነበረም።

ይህ ማለት ሰዎቹ የቃላቱን ፍቺ አይሰሙም ነበር ማለት አይደለም። በ1016 የሞተው የእንግሊዝ ንጉሥ ኤቴልሬድ ስሙ ሲከፈል ክቡር እና ምክር ነው። ኋላ «ኡንሬድ»፣ ምክር የሌለው፣ የሚል ቅጽል ወጣለት። ጆሯቸው ሰም እና ወርቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስም ሲያወጡ ግን ቅድሚያ የሰጡት ለዘር ትስስሩ ነው።

«ለሴት ልጅ ጦርነት ምን ይሆናታል?» የምትሉ አትጠፉም። መልሱ ሰዋስው ላይ ነው። የስሙን ጾታ የሚወስነው ሁለተኛው ክፍል ነው። «ጉንድ» እና «ሂልድ» በእነሱ ቋንቋ አንስታይ ቃላት ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ሲገቡ የሴት ስም ይሠራሉ። «ዉልፍ» ተኩላው፣ «ሃሪ» ሠራዊቱ ተባዕታይ ናቸው፤ የወንድ ስም ይሆናሉ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ግን ጾታ አይለይም፤ ጉንተር «ጉንድ»ን ከፊት ይዞ ወንድ ነው። የእኛ ባላባቶች ውጊያውን ለፈረስ ስም ነበር የሚያቆዩት፤ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ እያሉ። እነዚያ ሕፃኗን በጨቅላነቷ ይሰጧታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። በእንግሊዝኛ ጠመንጃ «ጋን» የሚባለው ከሴት ስም እንደመጣ ነው በሰፊው የሚታመነው። በ1330 ገደማ በዊንዘር ግንብ የነበረውን መሣሪያ የሚዘረዝር ጽሑፍ ውስጥ አንድ ትልቅ የፍላጻ ማስወንጨፊያ «እመቤት ጉኒልዳ» ተብሎ ተመዝግቧል። ጉኒልዳ ማለት «ጉን» እና «ሂልድ» ነው፤ ያው ውጊያ ውጊያ።

ራደጉንድን እስከ ዛሬ ያቆያት አንዲት ሴት ናት። በ520 ገደማ በቱሪንጊያ፣ በዛሬዋ መካከለኛ ጀርመን፣ ከነገሥታት ቤት ተወለደች። በ531 የዛሬዋን ፈረንሳይ ይገዙ የነበሩት ፍራንኮች አገሯን ሲወጉ ተማርካ ሄደች፤ ካደገች በኋላም ንጉሡ ክሎታር አገባት። የዚህ ንጉሥ ቤት ለስም ተመራማሪ ግምጃ ቤት ነው፦ ኢንጉንድ እና አረጉንድ የሚባሉ እኅትማማቾችንም አግብቶ ነበር፤ ያቺ ፍሬደጉንድ ደግሞ የልጁ የኪልፔሪክ ሚስት ናት። በ1959 ፓሪስ አጠገብ በሳን ደኒ ቤተ ክርስቲያን ከተቆፈረ መቃብር «አርኔጉንዲስ» የሚል የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት ወጥቷል። ብዙዎቹ ሊቃውንት ያቺው አረጉንድ እንደሆነች ይቀበላሉ።

ክሎታር የራደጉንድን ወንድም ሲያስገድልባት ከቤተ መንግሥት ወጥታ መነኮሰች፤ በፈረንሳይ ፑዋትዬ ከተማ የሴቶች ገዳም መሠረተች። በ569 የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዳግማዊ ዮስጢኖስ ከመስቀሉ ቁራጭ ላከላት፤ ገዳሙም ቅዱስ መስቀል ተባለ። ባለቅኔው ቬናንቲዩስ ፎርቱናቱስ ለዚያ የደረሳቸው የመስቀል መዝሙሮች በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ይዜማሉ። የግሸንን ግማደ መስቀል ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም። ያረፈችው ነሐሴ ውስጥ፣ በ587፣ ኦገስት 13 ቀን ነው።

በእሷ ምክንያት ስሙ በመሬት ላይ ተጻፈ። በፈረንሳይ ሳንት ራድጎንድ የሚባሉ ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። በኦስትሪያ በግራትስ አጠገብም በላይኛው ኦስትሪያም ዛንክት ራደጉንድ አለ። ለሂትለር አልዋጋም ብሎ በ1943 የተገደለው ገበሬ ፍራንትስ ዬገርሽቴተር የዚያ የላይኛው ኦስትሪያ መንደር ልጅ ነው። በካምብሪጅ በ1496 የተመሠረተው ጂሰስ ኮሌጅ የቅድስት ራደጉንድ የሴቶች ገዳም በነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው።

ቦታው ስሙን ይዞ ሲቀር ሰዎቹ ግን ተዉት። ከ13ኛው መቶ ዘመን አንስቶ ዮሐንስ፣ ኤልሳቤጥ፣ ካትሪን፣ ኒቆላዎስ የመሳሰሉ የመላው ክርስትና ስሞች አውሮፓን አጥለቀለቁ። ከጥንቶቹ ስሞች የተረፉት ሰፊ ስም ያለው ንጉሥ ወይም ቅዱስ የደገፋቸው ናቸው፤ የራደጉንድ መታሰቢያ ደግሞ በጥቂት አውራጃዎች የተወሰነ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሂልደጋርድ በጀርመን እጅግ የተወደደ ስም ሆኖ ሲመለስ ራደጉንድ አልተመለሰም። አንዱ ምክንያት ጆሮ ይመስለኛል፦ በዛሬው ጀርመንኛ «ራድ» መንኮራኩር ነው፣ ብስክሌትም ነው። ሂልደጋርድን «ሂልደ» ብሎ ማቆላመጥ ቀላል ነው፤ ራደጉንድን «ራድ» ብሎ የሚያቆላምጥ አይኖርም። ስለዚህ ቁልምጫው ከጅራቱ ተወስዶ ጉንዳ ወይም ጉንዲ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከኩኒጉንድም ከአደልጉንድም ሊመጣ ስለሚችል የራሷ አይደለም።

ብርቅነቱን በቁጥር ማየት የሚፈልግ ሰው የመዝገቦቹን ጠባይ ይወቅ። የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከ1880 ጀምሮ ስሞችን ያወጣል፤ ግን በአንድ ዓመት ከ5 ሕፃናት በታች የወጣላቸውን ስም ለግል ምስጢር ሲል ይተዋል። በእንግሊዝና ዌልስ ወሰኑ 3 ነው። ፈረንሳይ ብርቆቹን «ብርቅ ስሞች» በሚል አንድ ቋት ታከማቻቸዋለች። ጀርመን የመንግሥት የስም ቆጠራ የላትም፤ ከ1977 ጀምሮ ከመዝገብ ቤቶች እየሰበሰበ ዝርዝር የሚያወጣው የጀርመን ቋንቋ ማኅበር ነው። እንግዲህ በዝርዝሩ ላይ አጣሁት ማለት የለም ማለት አይደለም። የአሜሪካው መዝገብ ሁለተኛ ስምንም አይቆጥርም፤ እንዲህ ያለ የአያት ስም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያ ነው።

ሌላው ወጥመድ አጻጻፍ ነው። ራደጉንድ፣ ራደጉንደ፣ ራደጉንዳ፣ ራድጎንድ፣ ራዲጉንድ፦ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆጠረው፤ እያንዳንዳቸው ከ5 በታች ከሆኑ ሁሉም ከዝርዝሩ ይወጣሉ። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉት፤ በእኛም ላይ ይደርሳል። «ፀሐይ»ን አንዱ በቲና ኤስ፣ ሌላው በቲና ዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ ሲጽፍ መዝገቡ የሚያየው ሦስት የተለያዩ ስሞችን ነው።

ጀርመን አገር ሆናችሁ ይህን ወይም ሌላ ብርቅ ስም ለልጅ የምታስቡ ካላችሁ፣ ልደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ስሙን ለመወሰን ግን እስከ አንድ ወር ጊዜ አላችሁ። መዝጋቢው ስሙን ካላወቀው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የስም ምክር ማዕከል ማረጋገጫ ይጽፋል። በካቶሊኮች ዘንድ የስሙ ቀን ያው ኦገስት 13 ነው። በእኛ ነሐሴ 7 ይውላል፤ የእመቤታችን ጽንሰት፣ የፍልሰታ ጾም እኩሌታ።