ከአብራኩ የወጡ ወንዶች

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ኦብራየኖች ማዕረግ ነው፤ ዘራቸውን ከንጉሥ ብራያን ቦሩ ቆጥረው በምዕራብ አየርላንድ ቶመንድን ስለገዙት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአየርላንዶች የድሮ ሕግ ሥልጣን ለበኩር ልጅ አይተላለፍም። አለቃው በሕይወት እያለ ዘመዶቹ ተተኪውን ይመርጣሉ፤ ታኒስት ይሉታል። በ1539 የቶመንድ ንጉሥ ኮነር ኦብራየን ሲሞት፣ ልጁ ዶኖ እያለ ወንድሙ መሮ የነገሠው በዚሁ ሕግ ነው።

በ1543 መሮ ንግሥናውንና መሬቱን ለእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ አስረከበ፤ ንጉሡም መሬቱን ከእንግሊዝ ማዕረግ ጋር መለሰለት። እንግዲህ የሹመት ደብዳቤው ላይ ልብ በሉ። የቶመንድ ኧርልነት (ኧርል ከባሮን ከፍ ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ለመሮ ዕድሜ ልኩን ብቻ ነው፤ ሲሞት ለወንድሙ ልጅ ለዶኖ ያልፋል። የኢንቺኩዊን ባሮንነት (ዝቅተኛው የመኳንንት ማዕረግ) ግን ለመሮና ከአብራኩ ለሚወጡ ወንዶች ነው። ብልህ ድርድር ይመስለኛል፤ አጎትም የወንድም ልጅም ባዶ እጁን አልሄደም።

ነገሩ የተበላሸው በኧርልነቱ በኩል ነው። በ1552 ዶኖ ማዕረጉ ለራሱ ወንድ ልጆች እንዲወርድ አዲስ ደብዳቤ አወጣ። ወንድሞቹ ደግሞ በአሮጌው ሕግ «ተራው የእኛ ነው» ብለው ተነሡበት። እሱ በ1553 ሞተ፤ ልጁን በኧርልነቱ ያጸናው በ1558 የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ነው።

ወደ ባሮኖቹ ልመለስ፣ የሚገርመው እዚያ ነውና። የመሮ ዘር እያደገ በ1654 የኢንቺኩዊን ኧርል፣ በ1800 ደግሞ ከኧርል በላይ የሆነውን ማዕረግ ይዞ ማርኳስ ተባለ። ግን እያንዳንዱ ማዕረግ ዘር የሚቆጥረው በራሱ ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው ሰው ጀምሮ ነው። በ1855 ሦስተኛው ማርኳስ ወንድ ወራሽ ሳይተው ሲሞት ሁለቱም ትልልቅ ማዕረጎች አብረውት ጠፉ። ትንሹ ባሮንነት ተረፈ፤ እሱ ከ1543ቱ መሮ ስለሚቆጥር፣ የመሮ የታናሽ ልጅ ዘር የሆነው የድሮሞላንዱ ሰር ሉሺየስ ኦብራየን ወረሰው። (ወንድሙ ዊልያም ስሚዝ ኦብራየን በ1848ቱ የአየርላንድ አመፅ ሞት የተፈረደበትና በኋላ ወደ ታዝማኒያ የተጋዘው ሰው ነው።)

እንዲህ ያለ የማዕረግ ይገባኛል ጥያቄ ላይ ዘር መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ከጠያቂው የሚቀድሙት የወንድ መስመሮች በሙሉ መቋረጣቸውም መረጋገጥ አለበት። የሎርዶች ምክር ቤት (የብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት) የሉሺየስን መብት ያጸደቀው በ1862 ነው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ።

የ1937ቱ የአየርላንድ ሕገ መንግሥት መንግሥት የመኳንንት ማዕረግ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ዜጋም ያለ መንግሥት ፈቃድ አይቀበልም። የቆየውን ግን አልሻረም።