ካውንቲውን የከሰሰችው ኤሊ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ መብራት ላወራችሁ ነው። በተለይ መብራት ስለማጥፋት።

የምኖረው ፍሎሪዳ፣ አትላንቲክ ዳር፣ ብሬቫርድ የሚባል ካውንቲ (ከግዛቱ በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ማለት ነው) ውስጥ ነው። እዚህ ከማርች መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበትና የሚፈለፈሉበት ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት ባሕሩ ዳር ቤት ያለው ሰው የውጭ መብራቱ ወደ አሸዋው እንዳይደርስ ማድረግ አለበት። ልመና እንዳይመስላችሁ፣ ሕግ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ሰሞን፣ ማታ ባሕር ዳር ወስጄያት ግራ ቀኙን አየች። «ይሄ ሁሉ የሀብታም ሰፈር መብራት ጠፍቶበት ነው?» አለችኝ። «ለኤሊ ተብሎ ነው እማዬ» ስላት በሳቅ ፈረሰች። አልፈርድባትም። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ በሚጮህበት ከተማ ለኖረ ሰው፣ በገዛ እጅ አጨልሞ መቀመጥ የጤና አይመስልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ ኤሊ ማታ ከባሕር ትወጣለች። በኋላ እግሮቿ አሸዋውን ቆፍራ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች፣ ደፍና ትሄዳለች። ልጆቿን አታያቸውም። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ። ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጡም። አሸዋው ሲቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ግር ብለው ይወጣሉ።

መንገድ የሚያሳያቸው የለም። ዝቅ ብሎ፣ ከአድማስ በኩል ወደሚታያቸው ብርሃን ነው የሚሄዱት። ማንም ባልነካው ሌሊት ያ ብርሃን ባሕሩ ነው፤ የጨረቃውንና የከዋክብቱን ብርሃን መልሶ ያሳያል። ከኋላቸው ያለው የአሸዋ ጉብታና ቁጥቋጦ ደግሞ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ሸሽተው ወደ ብርሃኑ ይሮጣሉ። ይሄ ከሰው ልጅ በፊት ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። ከዚያ እኛ መጣን። ጉብታው ላይ ሕንፃ ሠራን፣ በረንዳው ላይ አምፖል ሰቀልን፣ ብርሃኑም ከኋላቸው ሆነ። ስለዚህ ወደ አስፋልቱ ይሄዳሉ። መኪና ይረግጣቸዋል፣ ሸርጣንና ወፍ ይለቅማቸዋል። የተረፉት ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃሉ። እናቲቱም ብትሆን፣ ዳርቻው ቦግ ብሎ ከበራ አንዳንዴ እንቁላሏን ሳትጥል ትመለሳለች።

ነገሩ ለፍሎሪዳ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንቁላል ከሚጥሉት ሎገርሄድ የሚባሉ ኤሊዎች አብዛኞቹ የሚጥሉት እዚህ ነው። በ1991 የተቋቋመው፣ አርቺ ካር የሚባለው የባሕር ኤሊዎች መጠለያም በእኛና ከደቡባችን ባለው ካውንቲ ዳርቻ ላይ ነው ያለው።

የምወደውን ታሪክ ደግሞ ልንገራችሁ። ከእኛ በስተሰሜን ቮሉሺያ የሚባል ካውንቲ አለ። በ1995 ተከሰሰ። ከሳሾቹ ውስጥ ኤሊዋ ራሷ አለች! መዝገቡ «ሎገርሄድ ኤሊ በቮሉሺያ ካውንቲ ምክር ቤት ላይ» ነው የሚለው። ጠበቃዋን በምን ቋንቋ እንዳናገረች አትጠይቁኝ፤ አብረዋት የከሰሱ ሁለት የአካባቢው ሴቶች ነበሩ። ክሱ አሸዋው ላይ ስለሚነዱ መኪናዎችና ስለ መብራት ነው። አምፖሉን ያበራው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ካውንቲው ምን አገባው? አንዱ ጥያቄ ይሄ ነበር። በ1998 ይግባኝ ሰሚው የፌደራል ፍርድ ቤት፣ መብራቱን የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው ካውንቲው ስለሆነ በዚህም ሊከሰስ ይችላል፣ ክሱ ይቀጥል አለ።

ታዲያ ጨለማ ውስጥ ኑሩ የሚል የለም። ሦስት ነገር ነው የሚባለው። አንደኛ፣ መብራቱ ዝቅ ይበል። ደረጃ ለማብራት ጣሪያ ላይ ፓውዛ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ አምፖሉ ከአሸዋው ላይ ቆሞ ለሚያይ እንዳይታይ ይከለል። ሦስተኛው ቀለሙ ነው፤ ብርቱካንማ ወይም ቀይ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ560 ናኖሜትር የማያንስ። ኤሊዎች ለሰማያዊና ለነጭ ብርሃን በጣም ስሱ ናቸው፣ ለቀዩ ግን ያን ያህል አይደሉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ካርቶኑ ላይ «ሞቅ ያለ ነጭ» የሚለውን ኤልኢዲ ገዝቶ ይሰቅላል። ያ ለዓይናችን ቢጫ ይምሰል እንጂ ሰማያዊ ብርሃን አለው።

ደግሞ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። ሰዉ በረንዳው ላይ ውድ ብርቱካንማ አምፖል ያስገጥምና ሳሎኑን በቻንደለር አብርቶ፣ መጋረጃውን ከፍቶ ይቀመጣል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስታወት ነው! ጫጩቷ የሳሎንና የበረንዳ መብራት አትለይም። መጋረጃ መዝጋት እኮ ነፃ ነው።

«ሌባስ?» የሚሉኝ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ዓይን ውስጥ የሚገባ ፓውዛ ከጀርባው ያለውን ጨለማ የባሰ ያጠቁረዋል፤ ሌባው እዚያ ቢቆም አታዩትም። መሬት መሬቱን የሚያበራ፣ ሰው ሲያልፍ ብቻ በርቶ ተመልሶ የሚጠፋ መብራት ለእኔ ይሻላል።

ከከተማው ላይ የሚነሳውን ወጋገን ግን አንድ ባለቤት ብቻውን አያጠፋውም። እሱ የመንገድ መብራትና የሆቴሎች ጉዳይ ነው፣ ገና ብዙ ይቀራል።

በኤሊዎቹ ወቅት ወደዚህ የምትመጡ፣ ማታ አሸዋው ላይ ስትሄዱ የስልካችሁን ባትሪ አታብሩ፣ በፍላሽም ፎቶ አታንሱ። ወደ አስፋልቱ የምትሄድ ጫጩት ካያችሁ፣ አንስታችሁ ባሕር ውስጥ ከመጨመር ለግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ደውሉና የሚሏችሁን አድርጉ። በሉ፣ ሰላም ሁኑ።