ካስማ ተሸካሚዎቹ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት ወንበር የምትደረድሩ፣ በር ላይ የምታስተናግዱ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መጥረጊያ የምታነሡ ናችሁ። ስለዚህ ስለ ሌዊ ነገድ ላውራችሁ፤ ከሌዊም በተለይ ስለ ሜራሪ ልጆች።

ሌዊ ጌድሶን፣ ቀዓትና ሜራሪ የሚባሉ ሦስት ልጆች ነበሩት። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዝ፣ መንገድ የሚመራው ደመና ሲነሣ የመገናኛው ድንኳን፣ ማለትም የአምልኮው ድንኳን፣ ይፈታል። ታቦቱን፣ መቅረዙንና መሠዊያዎቹን የቀዓት ልጆች በትከሻቸው ይሸከማሉ። መጋረጃው የጌድሶን ልጆች ነው። ለሜራሪ የተረፈው ሳንቃ፣ መወርወሪያ፣ ምሰሶ፣ ካስማና ገመድ ነው። ሳንቃው ብቻ 48 ነበር። ሳንቃና ምሰሶ የሚቆምባቸው ከብር የተሠሩት እግሮች ደግሞ 100 ናቸው፤ አንዱ አንድ መክሊት ይመዝናል፣ በእኛ ኪሎ ከ30 በላይ ማለት ነው። አራት ሰረገላና ስምንት በሬ የተሰጣቸው ወደው አይደለም!

ዘኁልቁ 4ን ሳነብ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። የሜራሪ ልጆች የሚሸከሙት ዕቃ በየስሙ እንዲቆጠር እግዚአብሔር አዘዘ። አስቡት፣ ካስማ በስሙ ሲጠራ! ደግሞ በጉዞው ላይ ጌድሶንና ሜራሪ ቀድመው ይሄዳሉ። ቀዓት ንዋየ ቅድሳቱን ይዞ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቀዋል።

ቆሬን ታውቁታላችሁ። የቀዓት ወገን ነው፣ የሙሴም የአጎት ልጅ። ከሁሉ የከበረው ሸክም የእሱ ወገን ድርሻ ነበር። አልበቃውም። ክህነቱን ፈለገ፤ 250 አለቆች አስከትሎ ተነሣ። ሙሴም «ይህ አነሰባችሁን?» ብሎ ጠየቃቸው። ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ፤ ምድር ተከፍታ ዋጠችው።

በቆሬ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። በወጣትነቴ መዘምራን ውስጥ እገባለሁ ስል ወንበር ደርድር ተባልኩና አንድ ወር ሙሉ አኩርፌ ቀረሁ። የፈለገኝም አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ዘኁልቁ 26 ላይ ግን አንድ አጭር ቃል አለች፤ የቆሬ ልጆች አልሞቱም ትላለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ዘሮቹን የምናገኛቸው የት መሰላችሁ? በር ላይ! የእግዚአብሔር ቤት በረኞች ሆነው። መዝሙር 84 በስማቸው ነው የተጻፈው። በኃጢአተኞች ድንኳን ከመኖር በአምላኬ ቤት ደጃፍ ላይ ብጣል ይሻለኛል የሚለው መዝሙር ነው። አባታቸው ክህነት ካልሆነ ብሎ ጠፋ። ልጆቹ ስለ ደጃፍ ዘመሩ።

ባለፈው እሁድ በዚያ ዝናብ ስደርስ ከእናንተ አንዷ ጃንጥላዬን ተቀበለችኝ። ውሃውን አራገፈች፣ ጥግ አስደገፈችና ቦታ አሳየችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። ለሚመጣው እሁድ በር ላይ አንድ ሰው ጎድሏል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን መዝግቡኝ፤ ጃንጥላ መቀበል አያቅተኝም።